የአነስተኛ ትራክተር ምርጫ፦ ከግዢ በፊት ሊታሰብባቸው የሚገቡ ጉዳዮች

በአገራችን የአንድ አርሶ አደር ቤተሰብ የእርሻ ይዞታ በአማካይ ወደ 1 ሄክታር የሚጠጋ ሲሆን፣ ይኸውም በብዙ አካባቢዎች በተለያየ ሥፍራ በሚገኙ ቁራጭ ማሳዎች የተከፋፈለ ነው። ለረጅም ዘመን የሜካናይዜሽን ጉዳይ ሲነሣ የሚታሰበው የአርሲና የባሌ ሰፋፊ የስንዴ ማሳዎች፣ ትላልቅ ትራክተሮችና ኮምባይነሮች ነበሩ። ዛሬ ግን አነስተኛ ማሳ ያላቸው አርሶ አደሮች፣ በማኅበር የተደራጁ ወጣቶችና ኅብረት ሥራ ማኅበራት ለአነስተኛ ትራክተር ያላቸው ፍላጎት እየጨመረ መጥቷል። የበሬ ዋጋ መናርና የመኖ እጥረት ለዚህ ዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች ናቸው።

በሌላ በኩል የግብርና መሣሪያዎች ከቀረጥና ከታክስ ነፃ እንዲገቡ ቀደም ሲል የተፈቀደ ቢሆንም፣ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ፣ ከውጭ የሚገቡ ትራክተሮችና መለዋወጫዎች በብር ሲሰሉ ዋጋቸው ከፍ ብሏል። ስለሆነም የተሳሳተ ምርጫ የሚያስከትለው ኪሳራ ከቀድሞው የከበደ ነው። በሬዎቹን ሸጦ ቅድመ ክፍያ የፈጸመ ቤተሰብ፣ ትራክተሩ በሰኔ ቢቆምበት የሚያርስበት በሬም ሆነ ማሽን አይኖረውም።

ቀዳሚው ጥያቄ የትኛውን ዓይነት ትራክተር እንግዛ የሚለው ሳይሆን፣ ትራክተሩ በዓመት ስንት ሰዓት ይሠራል የሚለው ነው። የሥራ ስፋቱ 1 ሜትር የሆነ ማረሻ በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ፣ ለመዞሪያና ለዕረፍት የሚባክነው ጊዜ ሲቀነስ 1 ሄክታር ለማረስ ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ይወስድበታል። ጤፍ የሚዘራ አርሶ አደር ማሳውን አራት ጊዜ ቢያርስ የሚያስፈልገው 14 ሰዓት ገደማ ነው። በዓመት 14 ሰዓት ብቻ የሚሠራ ትራክተር ዕዳውን ሊከፍል አይችልም። ስለዚህ ባለ አራት ጎማ ትራክተር የሚገዛ ሰው፣ የኪራይ አገልግሎት ሰጪ ለመሆን ጭምር እንደወሰነ አስቀድሞ ሊገነዘብ ይገባል።

የሚከተለው ስሌት ለአብነት ያህል የቀረበ ነው። የመሣሪያው ዓመታዊ ክፍያ፣ መድንና ጥገና 300,000 ብር ቢሆን፣ በዓመት በድምሩ 40 ሄክታር ለሚያርስ ሰው የአንድ ሄክታር አንድ ዙር እርሻ ወጪ 7,500 ብር ይደርሳል። 100 ሄክታር ለሚያርስ ግን ወደ 3,000 ብር ይወርዳል። ነዳጅና የኦፕሬተር ክፍያ በዚህ ላይ ይታከላሉ። ውጤቱ በአካባቢው ካለው የትራክተር ወይም የበሬ ኪራይ ዋጋ የሚበልጥ ከሆነ፣ ከመግዛት ይልቅ መከራየት ወይም በጋራ መግዛት የተሻለ ይሆናል።

ባለ ሁለት ጎማ ትራክተር አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 18 የፈረስ ጉልበት አለው። ዋጋው ዝቅተኛ ነው፤ በጠባብ ማሳም እንደ ልብ ይዞራል። ከእርሻ በተጨማሪ ተጎታች ጋሪ ለመሳብ፣ ውኃ ለመሳብና እህል ለመውቃት ስለሚውል በበጋም ሥራ አያጣም። ሆኖም ኦፕሬተሩ ከኋላው በእግሩ የሚከተል በመሆኑ፣ 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው መሣሪያ 1 ሄክታር ለማዳረስ ከ16 ኪሎ ሜትር በላይ መራመድ ይኖርበታል። ደርቆ የተሰነጠቀ ጥቁር አፈር ለመገልበጥም ጉልበቱ አይበቃም። እንዲህ ያለ አፈር ያላቸው ወገኖች የመጀመሪያውን እርሻ በኪራይ ትልቅ ትራክተር አሠርተው፣ ቀሪውን ሥራ በባለ ሁለት ጎማው ማከናወን ይችላሉ።

ከ25 እስከ 50 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ አራት ጎማ ትራክተር ለኩታ ገጠም ማሳዎች ይስማማል። በአራቱም ጎማ የሚጎትት ቢሆን በእርጥብ መሬት ይመረጣል። ይሁን እንጂ ከባድ ትራክተር ውኃ የቋጠረ ጥቁር አፈርን ስለሚጠቀጥቅ፣ ትልቅ ጉልበት ሁልጊዜ የተሻለ ምርት ማለት አይደለም። ተዳፋት ባለበት አካባቢ ዋነኛው አደጋ መገልበጥ ነው። የመገልበጥ መከላከያ ብረትና የመቀመጫ ቀበቶ የሌለው ትራክተር በዋጋ ቅናሽ ምክንያት ሊገዛ አይገባም።

ገዢዎች ውል ከመፈረማቸው በፊት የሚከተሉትን ነጥቦች ለሻጩ አቅርበው መልሱን በጽሑፍ እንዲቀበሉ ይመከራል። ማረሻው፣ መከስከሻውና ጋሪው በዋጋው ውስጥ ተካትተዋልን? የዘይትና የነዳጅ ማጣሪያ፣ ቺንጋና ጎማ በቅርብ ከተማ ይገኛሉን? ትራክተሩ በሥራ ወቅት ቢበላሽ መካኒክ በስንት ቀን ውስጥ ይደርሳል? የዋስትናው ጊዜ በወር ነው ወይስ በሥራ ሰዓት የሚለካው? ለኦፕሬተሩ ሥልጠና ይሰጣልን? ርክክቡም ትራክተሩ በገዢው ማሳ ላይ አርሶ ከታየ በኋላ ቢፈጸም ይመረጣል።

የገንዘብ ምንጭን በሚመለከት፣ የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1324/2016 ባለይዞታው በመሬቱ የመጠቀም መብቱን ለብድር ዋስትና ማስያዝ እንዲችል ፈቅዷል። ይህ ለብዙዎች አዲስ በር የከፈተ ሲሆን፣ ኃላፊነቱም የዚያኑ ያህል ከባድ ነው፤ ብድሩ ሳይከፈል ቢቀር የሚነካው የቤተሰቡ መተዳደሪያ ነውና። በአንጻሩ በካፒታል ዕቃ ፋይናንስ ኪራይ ክፍያው እስኪጠናቀቅ የመሣሪያው ባለቤት አከራዩ ድርጅት ነው። ተከራዩ መክፈል ቢያቅተው በቅድሚያ የሚወሰድበት ትራክተሩ ነው። በመሆኑም ሁለቱን አማራጮች ማነጻጸር፣ ውሉን ከትዳር ጓደኛና ከቤተሰብ ጋር ማንበብ፣ የክፍያው ጊዜም ከምርት መሰብሰቢያ በኋላ እንዲሆን መደራደር ያስፈልጋል።

ነዳጅ በጀሪካን መሸጥ ቁጥጥር የሚደረግበት በመሆኑ፣ የአቅርቦቱን ሁኔታ ከእርሻ ወቅት በፊት ከወረዳው አስተዳደር ማጣራት ይገባል። የኦፕሬተሩን የመንጃ ፈቃድ በተመለከተ የወረዳውን የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይቻላል።

ክቡራን ተገልጋዮች፣ የማሳዎን ስፋት፣ የአፈሩን ዓይነት፣ የሚዘሩትን ሰብልና በዙሪያዎ አገልግሎቱን ሊከራዩ የሚችሉ ጎረቤቶችን ብዛት በወረቀት አስፍረው ወደ ቀበሌዎ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ወይም ወደ ወረዳዎ ግብርና ጽሕፈት ቤት ቢቀርቡ፣ ምክሩ ከእርስዎ ሁኔታ ጋር የተገናዘበ ይሆናል። ይህንንም ከበልግ ወይም ከመኸር እርሻ ቢያንስ ሦስት ወር አስቀድመው ቢያደርጉ፣ ለማነጻጸርም ሆነ ለመደራደር በቂ ጊዜ ያገኛሉ።