ወደ መቃብር ለመውረድ ለተሰናዳችሁ እኩዮቼ

እኩዮቼ፣ ልጆቻችን «ዕድሜያችሁን ሙሉ ስለ ፈርዖን ስትሰሙ ኖራችሁ፣ አሁን በዓይናችሁ እዩ» እያሉ ወደ ግብፅ ሊወስዱን ጀምረዋል። እግዜር ይስጣቸው። የጉልበታችንን ነገር ግን የምናውቀው እኛ ነን፤ ስለዚህ ስሙኝ።

ጊዛ ላይ ታላቁን ፒራሚድ ከደጅ ሆናችሁ እዩት፤ ውስጡ አትግቡ። ወደ ላይ የሚወስደው መተላለፊያ ቁመቱ 1.2 ሜትር ገደማ ነው፤ ጎንበስ ብሎ የ26 ዲግሪ ዳገት መውጣት ነው። ቀጥሎ ጣሪያው የራቀ፣ 47 ሜትር ያህል የሚረዝም ሌላ ዳገት አለ። ይህን ሁሉ ጨርሳችሁ የምትደርሱበት ክፍል ሥዕልም ጽሕፈትም የለው፤ ያለው ክዳን የሌለው ባዶ የድንጋይ ሣጥን ነው። መመለሻውም ያው የመጣችሁበት ጠባብ መንገድ ነው። ከፊት የሚመጣ፣ ከኋላ የሚገፋ እያለ ልቡ የደከመ ሰው የት አረፍ ይላል?

የሉክሶሩ የነገሥታት ሸለቆ ይብሳል፤ እዚያ የሚቀድመው ቁልቁለቱ ነው። ሲወርዱ ማን ይደክማል! መከራው ሲመለሱ ነው። የቀዳማዊ ሴቲ መቃብር 137 ሜትር ገደማ ወደ ተራራው ሆድ ይዘልቃል። ሥዕሉ ያምራል፣ አልዋሽም። ንጉሡ ግን እዚያ የለም፤ የድንጋይ ሣጥኑ ለንደን ነው፣ አስከሬኑ ደግሞ ከእ.ኤ.አ. 2021 ጀምሮ ካይሮ፣ ፉስታጥ ባለው የሥልጣኔ ሙዚየም ከሌሎች 21 ነገሥታትና ንግሥታት ጋር ተኝቷል። ሴቲን ማየት የፈለገ እዚያ ይሂድ። ሸለቆው ካልገባሁ የሚል የአራተኛውን ራምሴስ መቃብር ይምረጥ፤ ሰፊ ነው፣ ቁልቁለቱም ገር ነው።

ውስጥ ያለው አየር የጎብኚ ትንፋሽና ላብ የታመቀበት ነው። ግድግዳውን ሳይቀር ስለሚጎዳ የንግሥት ኔፈርታሪን መቃብር እ.ኤ.አ. በ1995 ሲከፍቱ የሚገባውን ሰው ቁጥር ወስነውበታል። ድንጋይ ያልቻለውን የእኛ ሳንባ ይችለዋል?

ከሁሉ የምፈራው ግን ጾማችንን ነው። ዐቢይ ጾም ሲጋመስ የሉክሶር ፀሐይም መክበድ ይጀምራል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳይቀምሱ፣ የግፊትና የስኳሩን ኪኒን ለማታ አቆይቶ እዚያ ጉድጓድ መውረድ ሞትን መጥራት ነው። ጥርን ምረጡ፤ ገና አልፎ ጾሙ ተፈትቷል፣ አየሩም ቀዝቃዛ ነው። ልጆቹ በጾም ካልሆነ አይመቸንም ካሉ የንስሐ አባታችሁን አስቀድማችሁ አማክሩ።

ልጆቹ «እንያዛችሁ፣ ትችላላችሁ» ይሏችኋል። አፍራችሁ እሺ አትበሉ። የወደቀ ሰው በቃሬዛ የሚወጣው በዚያው ደረጃ ነው። በሩ ላይ ጥላ ፈልጋችሁ ተቀመጡ፤ እነሱ ወርደው ይምጡ።