የሚያፈስ ቋት

ባለፈው ሳምንት ከኮቴ ኪስ ያወጣሁት የግጥም ደብተር ረጥቦ እንጆሪ እንጆሪ ይሸት ነበር። ሲጋራ ትቼ የያዝኩት ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ አፍስሶበት ኖሯል። እዚህ ዋሽንግተን ያሉ ወዳጆቼ «ዕቃው ርካሽ ነው፤ ጣለው!» አሉኝ። እኔ ግን አልተስማማሁም። የባንክ ሠራተኛ ነኝና ሒሳብ ሲጎድል የጎደለበትን እፈልጋለሁ እንጂ ካዝናውን አልጥልም።

ፈሳሹን በቋቱ ውስጥ የሚይዘው ከላዩ ያለው አየር ግፊቱ ከውጭው ማነሱ ነው። ክዳኑ ከላላ ወይም የጎማ ቀለበቱ ከተሰነጠቀ አየር ከላይ ይገባል፤ ፈሳሹም ማሞቂያውን አጥለቅልቆ በአየር ቀዳዳው ይወርዳል። ያረጀ ማሞቂያም እንዲሁ ያደርጋል። እኛም ከጥፋቱ ነጻ አይደለንም፤ እስከ አፉ እንሞላለን፣ በኃይል እንስባለን፣ አጋድመን ኪስ እንከታለን። አውሮፕላን ላይ ደግሞ በቋቱ የቀረው አየር ተለጥጦ ፈሳሹን ስለሚገፋው ባዶ አድርጎ መሳፈር ይበጃል።

የእኔው ሰበብ አንዲት የተሰነጠቀች ቀለበት ነበረች። ለወጥኳት፤ ማፍሰሱም ቆመ።

ደብተሩን ልጄ ሳትነካው መድረሴ ግን ዕድል ነው። ኒኮቲን በቆዳም የሚገባ መርዝ ነው፤ ለሕፃን ጥቂቱም አደገኛ ነው። ስለዚህ የሚያፈስን ቋት በሶፍት ጠርጎ ወደ ኪስ መመለስ በልጅ ሕይወት መቀለድ ነው እላለሁ። ሁለት ግጥሞች ጠፍተውብኛል፤ እነርሱን እንደገና መጻፍ ይቻላል።