የፊልም መልክ ከየት ይመጣል? ስለ ፉጂፊልም ኤስ5 ፕሮ ለሚባለው የተሰጠ ምላሽ

እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ የቀረበው ፉጂፊልም ፋይንፒክስ ኤስ5 ፕሮ ዛሬም ፈላጊ አለው። በራሱ ዘመን እንኳ ቀርፋፋ የሚባል ነበር፤ ዛሬ ደግሞ በፒክስል ብዛት ተራ ስልክ ይበልጠዋል። ታዲያ ለምን ይፈለጋል ሲባል ሁለት መልስ ተለምዷል። አንደኛው «ናፍቆት ነው» ይላል። ሁለተኛው ምስጢሩ ሲሲዲ የሚባለው የሴንሰር ዓይነት ነው፣ ዛሬ ካሜራው ሁሉ የሚሠራበት ሲሞስ ያንን ለዛ አጥቶታል ይላል። የመጀመሪያው የተመልካቹን ዓይን ይጠረጥራል፤ ሁለተኛው ለአንድ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ተአምር ይሰጠዋል። ሁለቱም ምክንያቱን ስተዋል ባይ ነኝ።

ናፍቆቱን በቶሎ እንለፈው። ከፈላጊዎቹ መካከል አንድ ጥቅል ፊልም አሳጥበው የማያውቁ ወጣቶች አሉ። ናፍቆቱን ከቤተሰብ አልበም ወረሱት ይባል ይሆናል። ነገር ግን በየአልበሙ ያለው በዓመታት ብዛት የወየበ፣ ቀለሙ የሸሸ ፎቶ ነው። ያን የሚመስል የፈለገ ሰው ስልኩ ላይ ባለ ፊልተር ወዲያው ያገኘዋል፤ ከባድ ካሜራ ተሸክሞ ባትሪ ፍለጋ አይንከራተትም። (ባትሪው ራሱን የቻለ ጣጣ ነው፦ ቦዲው የኒኮን ሆኖ ሳለ የኒኮንን ባትሪ አይቀበልም።)

የሲሲዲው ክርክር ግን የቴክኒክ ክርክር ስለሆነ በቴክኒክ መመዘን አለበት። ሲሲዲና ሲሞስ የሚለያዩት ብርሃን በየነጥቡ (በየፒክስሉ) ያጠራቀመውን ቻርጅ በሚያነቡበት መንገድ ነው። ሲሲዲ ከነጥብ ወደ ነጥብ እያሻገረ መውጫው ላይ ይለካዋል፤ ሲሞስ በየነጥቡ ላይ የራሱ ማጉያ አለው። ከዚያ በፊት ያለው ሥራ አንድ ነው፦ ሲሊከን ብርሃን ይቆጥራል፣ ቀለም አያውቅም። ቀለሙ የሚመጣው በላዩ ከተነጠፈው የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ ፊልተር፣ ከዚያም ከፕሮሰሰሩ ስሌት ነው።

ማስረጃ ለሚሻ ካሜራው ራሱ ማስረጃ ነው። ኤስ5 ፕሮ የተሠራው በኒኮን ዲ200 ቦዲ ላይ ነው፤ አንዱ የሚይዘውን ሌንስ ሌላውም ይይዛል። ዲ200ም ሲሲዲ ነው። ሲሲዲነት ብቻውን የፊልም መልክ የሚሰጥ ቢሆን ኖሮ ሁለቱ መንታ በሆኑ ነበር፤ አልሆኑም። በ2009 የወጣው ላይካ ኤም9ም ኮዳክ የሠራለት 18 ሜጋፒክስል ሲሲዲ አለው። በቀለሙ ብዙ አድናቂ አፍርቷል፤ ደማቁን ክፍል ቶሎ እንደሚያቃጥል ግን የያዙት ያውቃሉ። በተቃራኒው በ2011 ገበያ ላይ የዋለው የፉጂ ኤክስ100 ሲሞስ ነው፤ «ፊልም ይመስላል» የሚለው ሙገሳ ግን እሱንም አልቀረበትም።

እኔ የማየው ምክንያት ብርሃን ሲበዛ የሚሆነው ነገር ነው። ሃርተርና ድሪፊልድ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1890 ባሳተሙት ጥናት ብርሃን ሲጨምር የፎቶ ፕሌት ምላሽ እንዴት እንደሚሄድ ለማሳየት ያወጡት መስመር ከላይ ጎባጣ ነው። ፊልምም እንደዚያው ነው፦ ብርሃኑ እየበዛ ሲሄድ ምላሹ ቀስ በቀስ ይዳከማል እንጂ በአንድ ጊዜ አይቋረጥም። የተለመደው ዲጂታል ሴንሰር ግን ዝናብ ላይ እንደተደረደረ ገንቦ ነው፤ እስኪሞላ እኩል ይቀበላል፣ ከሞላ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ፈሶ ይቀራል። ድንበሩም ፎቶው ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ከወዲህ ቆዳ፣ ከወዲያ ባዶ ነጭ።

የፉጂ መሐንዲሶች ያደረጉት በየትልቁ ገንቦ አጠገብ አፈ ጠባብ ትንሽ ገንቦ ማስቀመጥ ነበር። ሴንሰሩ 12.34 ሚሊዮን ነጥቦች አሉት፤ 6.17 ሚሊዮኑ ትልልቅና ለብርሃን ንቁ፣ የቀሩት 6.17 ሚሊዮን ትንንሽና ዳተኛ ናቸው። ትልቁ ሞልቶ ሲያበቃ ትንሹ ገና እየቆጠረ ነው። ፕሮሰሰሩ ሁለቱን ሲያዋህድ መስመሩ ልክ እንደ ፊልሙ ከላይ ይጎብጣል። ካሜራው ዳይናሚክ ሬንጁን (የሚይዘውን የብርሃን ክልል) እስከ 400% የሚያደርስ ማስተካከያ አለው፤ አራት እጥፍ ብርሃን፣ በፎቶ አንሺ ቋንቋ ሁለት ስቶፕ። በነጻ የመጣ አይደለም። ካርቶኑ ላይ 12 ሜጋፒክስል ቢባልም ዝርዝሩ ወደ ስድስቱ ይቀርባል፤ ዳይናሚክ ሬንጁ ሲሰፋም የሚያነሣው በሰከንድ አንድ ተኩል ፎቶ ያህል ብቻ ነው።

ነጭ ቬሎና ጥቁር ሱፍ በአንድ ፍሬም መያዝ የሠርግ ፎቶ አንሺ የዘወትር ፈተና ነውና ካሜራው እነሱ ዘንድ መወደዱ አያስገርምም። ለእኛም ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። በጥምቀት ቀትር ነጠላ የተከናነበች ጠይም ሴት ስትነሣ፣ ፊቷ እንዲወጣ ብርሃን ቢጨመር ነጠላው ይቃጠላል፤ የነጠላው ድርና ማግ እንዲታይ ቢቀነስ ፊቷ ይጨልማል። እነዚያ ሁለት ስቶፖች የሚያስፈልጉት እዚህ ላይ ነው።

ጠንካራው መቃወሚያ ሌላ ነው፦ የዛሬ ሲሞስ ከኤስ5 ፕሮ የሰፋ የብርሃን ክልል ይይዛል፤ የሮው ፋይሉን መስመር በኮምፒውተር ማጉበጥ ይቻላል። እውነት ነው፣ አልክድም። ፉጂ ራሱ በኤክስ100 ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ለ400% አይኤስኦውን ቢያንስ 800 ላይ አድርጎ ደማቁን ክፍል አሳንሶ ይመዘግባል፣ ጨለማውን በስሌት ያነሣል። ይህ ግን ክርክሬን ያጠናክረዋል። ትንንሾቹ ነጥቦች ቀርተው፣ ሲሲዲውም ቀርቶ፣ ጎባጣው መስመር ሲቆይ የፊልሙ መልክም አብሮ ቆየ። የኤስ5 ፕሮ ብልጫ ዛሬ ቴክኒካዊ ሳይሆን ተግባራዊ ነው፦ ፎቶው አልቆ በጄፔግ ይወጣል። ኤፍ1 እና ኤፍ2 የሚባሉትን የቀለም ምርጫዎች ያሰናዳውም ቬልቪያን የመሰለ ፊልም የሠራ ኩባንያ ነው፤ ሥራውን ከሌላ አልተማረም።

ናፍቆት ባዮች አንድ ነገር ቢያስረዱኝ ደስ ይለኛል። በክረምት፣ ሰማዩ ተከድኖ ነገር ሁሉ ጥላ አልባ በሚሆንበት ሰዓት ኤስ5 ፕሮንና ዲ200ን ጎን ለጎን ብናነሣባቸው፣ የሚቃጠል ደማቅ ክፍል ስለሌለ ትንንሾቹ ነጥቦች ሥራ ይፈታሉ። የሚቀረው የቀለም ልዩነት ነው፤ እሱም በኮምፒውተር ይቀራረባል። ፀሐይ ስትወጣ የሁለቱ ልዩነት ይመለሳል። ናፍቆት የሚለው መልስ ይህን መሄድና መመለስ አያብራራም፤ የመስመሩ ጉብጠት ግን ያብራራዋል።