የቱቦው ቁጠባ ካምቢዮውን ሲበላ

መለዋወጫ ልግዛ ብሎ ከፒያሳ ወደ ሶማሌ ተራ የተሻገረ ሰው «ኦርጅናል፣ ያገለገለ ወይስ የቻይና?» የሚል ጥያቄ ሳይቀርብለት አይመለስም። ጥያቄው ስለ ዕቃው ይመስላል። በዚህ ጸሐፊ እምነት ግን ስለ ዋስትና ነው፤ ዋስትና ደግሞ ከገበያው ከጠፋ ሰንብቷል። ለማስረዳት ሞተሩንና ጎማውን ትተን፣ በአሮጌ አውቶማቲክ የጭነት መኪና ላይ ከካምቢዮ ወደ ራዲያተር የሚሄዱትን ሁለት ቀጫጭን የዘይት ቱቦዎች እንውሰድ።

በርግጥ አብዛኛው የጭነት መኪናችን በእጅ ማርሽ የሚሠራ ነው። ከፊያት ኤንትሬ እስከ አይሱዙ፣ ኋላም ሕዝቡ «ቀይ ሽብር» እስካለው ሲኖትራክ ድረስ የለመድነው ፍሪሲዮን ረግጦ ማርሽ መቀየር ነው። ይሁንና ኤምባሲዎችና የውጭ ድርጅቶች በጨረታ ከሚያስወግዷቸው ፒክአፖችና ቀላል የጭነት መኪኖች መካከል አውቶማቲኮች አሉ። ተጫራቹ ቀለሙንና ጎማውን አይቶ ዋጋ ይሞላል እንጂ ከሥር ተኝቶ ቱቦ አያይም።

አሠራሩ ውስብስብ አይደለም። አንዱ ቱቦ የጋለውን ዘይት ወደ ማቀዝቀዣው ይወስዳል፣ ሌላው የቀዘቀዘውን ይመልሳል። ቱቦው ባመዛኙ ብረት ሆኖ በመጋጠሚያው አካባቢ ጎማ አለው። ዕድሜ ሲጫነው ብረቱ ከሻሲው ጋር በታሰረበት ቦታ ይዝጋል፤ ጎማውም ደርቆ ይሰነጠቃል። ዘይት ሲጎድል ካምቢዮው መንሸራተት ይጀምራል፣ በውስጡ ያሉት ሸራዎችም ይቃጠላሉ። ጭነት ይዞ ከዓባይ በረሃ ወደ ደጀን ወይም ወደ ጎሃ ጽዮን የሚወጣ መኪና ዘይቱ እጅግ የሚግለው በዚያ ዳገት ላይ ነው፤ ያረጀ ቱቦም ባለቤቱን የሚከዳው እንዲህ ባለው ቦታ ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በምትገኘው አዲስ አበባም ቢሆን አየሩ የሳሳ በመሆኑ ሙቀት የማንሳት አቅሙ እንደ ቆላው አይደለም።

መንገድ ላይ የሚገኘው መፍትሔ ይታወቃል። የተቀደደውን ቆርጦ የውኃ ጎማ መቀጠል፣ ወይም የመዳብ ቱቦ አጥፎ ማስገባት። ለጋራዥ ለመድረስ ያህል አይከፋም። ችግሩ «ይሠራል እኮ!» ተብሎ በዚያው መቅረቱ ነው። የውኃ ጎማ በጋለ ዘይት ይለሰልሳል፣ መዳብም ንዝረት ሲበዛበት ይሰነጠቃል። ተገቢው ሥራ ሁለቱንም ቱቦዎች በአንድ ጊዜ በብረት መለወጥ፣ ጎማውን ለካምቢዮ ዘይት ሙቀትና ግፊት ከተሠራው መምረጥ፣ ማቀዝቀዣውን ማጠብ፣ በመጨረሻም አምራቹ ባዘዘው መንገድ፣ ብዙውን ጊዜ ሞተሩ እየሠራ፣ የዘይቱን ልክ መመልከት ነው።

ለነጋዴ አንባቢ ሒሳቡን በቁጥር ማስቀመጥ ይሻላል። ለምሳሌ ያህል ርካሹ ቱቦ 3,000 ብር አተረፈልዎ፣ ካምቢዮውን ማደስ ደግሞ 150,000 ብር ያስወጣል እንበል። ርካሹ ቱቦ ካምቢዮውን የማበላሸት ዕድሉ ከ100 ሁለት ብቻ ቢሆን ቁጠባው ዜሮ ሆነ ማለት ነው። ይህ መኪናው ቆሞ የሚያልፈውን የሥራ ቀን ሳይጨምር ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ።

ታዲያ ሒሳብ አዋቂው ነጋዴያችን ለምን ርካሹን ይገዛል? ስስት ነው ማለት ፍርደ ገምድልነት ይመስለኛል። አሜሪካዊው ኢኮኖሚስት ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 እ.ኤ.አ. ስለ አሮጌ መኪና ገበያ በጻፈው ጽሑፍ መልሱን ሰጥቷል፤ በ2001 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ካስገኙለት ሥራዎች ዋናውም ይኸው ነው። ገዢው ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ካልቻለ ለጥሩውም የመጥፎውን ዋጋ ያህል ብቻ ይከፍላል። ጥሩ ዕቃ የያዘው ሻጭም አያዋጣኝም ብሎ ይወጣል። «ኦርጅናል» የሚለው ቃል በየካርቶኑ ላይ በታተመበት ገበያ ውድ ቱቦ መግዛት ሁለት ጊዜ መከሰር ሊሆን ይችላል።

ቀድሞ ይህን ክፍተት የሚሞላው ትውውቅ ነበር። በአራዳ ባለ ሱቁና ደንበኛው ዓመታት ስለሚተዋወቁ የተበላሸ ዕቃ ይመለስ፣ ዱቤም ይሰጥ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ሲፈርስ ከግንቡ ጋር የፈረሰው ይኸው የደንበኝነት መዝገብ ነው። ካሳ አያውቀውም፣ በካርታም አይታይም። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫም አብሮ ናረ። በኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ባገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ ከበድ ያለ ታክስ ተጥሎ ስለነበር ባለ አሮጌ መኪና «ሸጬ አዲስ ልግዛ» ማለቱም ቀላል አይደለም። አሮጌውን ማቆየት ግድ ሆኗል።

ትውውቅ ከጠፋ የሚተካው ወረቀት ነው። እዚህ ላይ ገዢውም ከደሙ ንጹሕ አይደለም። «ያለ ደረሰኝ ስንት ነው?» ብሎ የሚጀምረው ራሱ ነውና። ደረሰኝ የሌለው ዕቃ መመለሻ የለውም፤ የቀነሰለት ታክስ የዋስትናው ዋጋ ነበር። በደረሰኙ ላይ «ለሦስት ወር ዋስትና አለው» ብሎ የሚጽፍ የመጀመሪያው ባለ ሱቅ ከጎረቤቱ አስበልጦ ቢሸጥ አይገርመኝም። ደላሎችም ቢሆኑ ኮሚሽናቸውን ከሻጭ ብቻ እስከተቀበሉ ድረስ የገዢ ምስክር ነን ማለታቸው አያስኬድም።

ይህ እስኪሆን ድረስ ጨረታ የሚገቡ አንባቢያን አንድ ነገር ያድርጉ። አውቶማቲክ ካምቢዮው የዘይት መለኪያ ዘንግ ካለው ይምዘዙት። ንጹሕ ቀይ ከሆነ ደግ ነው። የተቃጠለ ከሸተተ ይጠርጥሩ። ወተት የተቀላቀለበት የመሰለ ሮዝ ዘይት ካዩ ግን ውኃ ገብቶበታልና ከሚሞሉት ዋጋ ላይ የካምቢዮውን ሙሉ ሒሳብ ቀንሰው ይሙሉ።