ከመታተሙ በፊት ይመርመር

ማናቸውም ሥራ ፍጻሜው የሚያምረው አስቀድሞ የታሰበና የተመረመረ እንደ ሆነ ነው። ቁም ጸሐፊ አንድ ፊደል ቢስት ስሕተቱ በአንድ ብራና ላይ ብቻ ይቀራል፤ እርሱንም ፍቆ ያርመዋል። በማተሚያ ቤት የተሳተ ፊደል ግን በአንድ ሺሕ ቅጂ አንድ ሺሕ ጊዜ ይወጣል። ስለዚህ የኅትመት ሥራ ከጽሕፈት ይልቅ ብርቱ እርማት የሚሻ መሆኑን ሊቃውንትም ሹማምንትም ያውቁታል። በዚህ ዘመን ከወረቀት ሌላ በመዳብም የሚታተም ነገር አለ፤ እርሱም የታተመ ሰርኪት ቦርድ የሚባለው የኤሌክትሪክ መሣሪያ ሰሌዳ ነው።

ይህ ሰሌዳ በሬዲዮና በስልክ፥ በኮምፒዩተርና በሐኪም ቤት መሣሪያ ውስጥ ሁሉ ይገኛል። አሠራሩም ከመስተዋት ክርና ከሙጫ በተበጀ፥ ውፍረቱ በተለመደው 1.6 ሚሊሜትር በሆነ ገበታ ላይ 35 ማይክሮን ያህል የሆነ ስስ መዳብ ይለጠፍና፥ ለኤሌክትሪክ መንገድ የሚሆነው ተለይቶ ሲቀር ሌላው በኬሚካል ታጥቦ ይወገዳል። ቀድሞ የሬዲዮ ሠራተኛ እያንዳንዱን ሽቦ በእጁ እየበየደ ያያይዝ ነበር። ፖል አይስለር የተባለ የቪየና ተወላጅ መሐንዲስ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1936 ዓመት በእንግሊዝ አገር የታተመ ሰሌዳ ያለበትን ሬዲዮ ሠርቶ፥ ለአዲሱ መንገድ ከቀደሙት አንዱ ሆነ። በእጅ የተያያዘው ሽቦ ቢሳሳት ተነቅሎ ይመለሳል፤ የታተመው መዳብ ግን እንደ ተነደፈ ይኖራል፤ ሰሌዳው በበዛም መጠን ስሕተቱ አብሮ ይበዛል።

ለዚህ ነገር አንድ የታወቀ ምሳሌ አለ። በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ከተማ ያለው ራስፕቤሪ ፓይ የተባለው ድርጅት፥ ለተማሪ የሚሆን ዋጋው ዝቅ ያለ ትንሽ ኮምፒዩተር በመሥራት ስሙ የታወቀ ነው። ይህ ድርጅት በአውሮፓ አቈጣጠር በ2019 ዓመት አራተኛውን ዐይነት ባወጣ ጊዜ፥ ኀይል የሚቀበልበት ዩኤስቢ ሲ የሚባለው መሰኪያ ደንቡን የሳተ ሆኖ ተገኘ። ደንቡ በመሰኪያው ላሉት ሁለት መለያ እግሮች ለየራሳቸው 5.1 ኪሎ ኦም የሆነ ሬዚስተር ይደረግላቸው ሲል፥ ነዳፊዎቹ ሁለቱን እግሮች በአንድ ሬዚስተር አገናኝተዋቸው ነበር። በተራ ገመድ ሲሠራ ምንም ጕድለት አልታየበትም፤ በውስጡ መለያ ቺፕ ያለበት ገመድ ሲሰካበት ግን ኀይል ሰጪው መሣሪያውን ሌላ ነገር መስሎት ኀይል ይከለክለው ነበር። ከመውጣቱ በፊት በብዙ ተፈትኖ ሳለ ነገሩ አልታወቀም፤ ዕቃው ከገዢዎች እጅ ከገባ በኋላ ግን ድርጅቱ ስሕተቱን ሳይሸሽግ አምኖ፥ ቀጥሎ ባሠራው ሰሌዳ አረመው። ዋጋው እጅግ ጥቂት የሆነ የአንድ ሬዚስተር ጕድለት ይህን ሁሉ አመጣ።

እንግዲህ የሚነድፍ ሰው አስቀድሞ ሰሌዳው የሚሠራውን ሥራ፥ የሚቀበለውን ቮልትና አምፔር፥ የሚገባበትንም ሣጥን ልክ በጽሑፍ ይወስን። ሁለተኛ፥ የግንኙነቱን ሥዕል ከዕቃ ሠሪዎቹ መግለጫ ጋራ እያስተያየ ንድፉን ያልሠራው ሌላ ሰው ያንብበው፤ የራሱን ጽሑፍ የሚያርም ሰው ዐይኑ የሚያየው ያሰበውን እንጂ የጻፈውን አይደለምና። ሦስተኛ፥ ብዙ አምፔር የሚያልፍበት መዳብ ሰፊ፥ ከፍ ያለ ቮልት ያለባቸው መስመሮች የተራራቁ፥ የየቺፑም ካፓሲተር ከኀይል መቀበያው እግር አጠገብ የተቀመጠ መሆኑ ይረጋገጥ። አራተኛ፥ ንድፉ በትክክለኛ ልኩ በወረቀት ታትሞ ዕቃዎቹ በላዩ ይቀመጡበት፤ የማይገጥመው እግር ያን ጊዜ ይታያል። በመጨረሻም አስቀድሞ ጥቂት ብቻ ታዝዞ ይፈተን፤ ፋብሪካም ይሳሳታልና። የዚሁ ድርጅት የመጀመሪያዎቹ ሰሌዳዎች በ2012 ዓመት ሲሠሩ ፋብሪካው ያልታዘዘ የኔትዎርክ መሰኪያ ገጥሞባቸው ስለ ነበር፥ መሰኪያዎቹን መለወጥ አስፈልጎ ነበር።

ኮምፒዩተሩ ራሱ ንድፉን ይመረምር የለምን የሚል አይታጣም። እውነት ነው፤ ኪካድን የመሰሉ የመንደፊያ ፕሮግራሞች መስመሮች እንዳይነካኩ፥ ሳይገናኝም የቀረ እንዳይኖር ይቈጣጠራሉ። ነገር ግን ኮምፒዩተር የሚመረምረው የተሰጠውን ደንብ ብቻ ነው። የነዳፊው አሳብ ራሱ የተሳሳተ እንደ ሆነ፥ ስሕተቱን አሳምሮ ሥሎ ያስረክበዋል።

በኢትዮጵያም ንድፋቸውን ወደ ውጭ አገር ፋብሪካ ልከው ሰሌዳ የሚያሠሩ ወጣቶች አሉ። ንድፉ ተሳስቶ የታተመ እንደ ሆነ የሚጠፋው መዳቡ ብቻ አይደለም፤ በድካም የተገኘው የውጭ ምንዛሪ፥ ዕቃው ተጕዞ ጕምሩክ እስኪያልፍ የተጠበቀው ጊዜ፥ ወጣቱም ያተረፈው እምነት አብሮ ይጠፋል። ሰሌዳው ለበሽተኛ መርጃ የሚሆን እንደ ሆነ ደግሞ ጕዳቱ በገንዘብ የሚቈጠር አይሆንም። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ሥራ የሚያዝ ሹም ቶሎ አድርሱ ከማለቱ በፊት ማን መረመረው ብሎ ይጠይቅ፤ መርማሪው ያልፈረመበት ንድፍ አይታዘዝ፤ ለሙከራ የሚሆንም ገንዘብና ጊዜ በበጀቱ ይያዝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ በመዳብ ላይ የፈሰሰ ግን አይለቀምም። ለምርመራ የተሰጠ አንድ ሳምንት የባከነ ሳይሆን የዳነ ጊዜ ነው። ነዳፊውም ሥራው በሌላ ዐይን ሲመረመር ክብሩ የተነካ አይምሰለው፤ ሊቅ የጻፈው መጽሐፍ እንኳ በሌላ ሊቅ ታይቶና ታርሞ ሲወጣ ክብሩ ይጨምራል እንጂ አይቀንስምና።