በመጦሪያ ቤት ስላሉ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች

ደካማን ሽማግሌ ማልበስና ማጉረስ ምግባረ ሠናይ መሆኑ የታወቀ ነው። ነገር ግን በመጦሪያ ቤት ሥራው ቶሎ ያልቅ ዘንድ፣ በራሱ ለመልበስ የሚችለውንም ማልበስ የቀረችውን ኃይል መንጠቅ ነው፤ ይልቁንም መርሳት የጀመረው ሰው አይችልም ተብሎ ሳይጠየቅ ይቀራል። ያልሠራ ጡንቻ ይሟሽሻል፤ ያልተጠየቀ ልቡናም ይፈዛል።

ድካሙ ሁሉ ከዕድሜ ብቻ የመጣ አይደለም። በአሜሪካ በቦስተን ከተማ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ1994 በታተመው ምርምር፣ ዕድሜያቸው በአማካይ 87 ዓመት ከሆነው 100 ተጧሪዎች መካከል ለ10 ሳምንት ክብደት በመግፋት የሠለጠኑት የጡንቻቸው ብርታት ከእጥፍ በላይ ሆኗል።

ስለዚህ የመጦሪያ ቤት አስተዳዳሪዎች አልጋና እንጀራ ከመቁጠር ጋራ፣ ስንቱ በራሱ ታጥቦና ለብሶ እንደሚውል በየወሩ ሊመዘግቡ ይገባቸዋል። ለዚህም አንዲት ነጠላ እስክትደረብ ሩብ ሰዓት የሚታገሡ አስታማሚዎች ያስፈልጋሉ፤ ደመወዛቸውም በዚሁ መጠን ይታሰብ።