ልደቱስ ሆነ፤ ማደሪያውስ?

በአንድ መካነ አራዊት ውስጥ ደቦል ወይም ውርንጭላ በተወለደ ቁጥር ጋዜጦች ወሬውን በደስታ ያወጡታል፤ ፎቶግራፉ ይታተማል፤ ስም እንዲያወጣለት ሕዝብ ይጋበዛል፤ ወላጆችም ልጆቻቸውን እየያዙ ለማየት ይጎርፋሉ። የወሬው መደምደሚያ አብዛኛውን ጊዜ፣ ይህ ልደት ዘሩ ከምድረ ገጽ እንዳይጠፋ ታላቅ ተስፋ የሚሰጥ መሆኑን የሚያበስር አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። በሕያው ፍጥረት መወለድ መደሰት የሰው ልጅ ጠባይ ስለሆነ፣ ይህን ደስታ ለመንቀፍ ብዕር ማንሣት ተገቢ አይመስለኝም። ነገር ግን ያ የተስፋ ቃል፣ እንደ ጸሎት ማሳረጊያ ሁሉ፣ ማንም ሳይመረምረው የሚያልፍ ሆኖ ስላገኘሁት፣ በዚህ ሳምንት ጥቂት ልመረምረው ወደድሁ። የእኔ እምነት እንዲህ ነው፦ ልደት የጥበቃ መጀመሪያ እንጂ ፍጻሜ አይደለም፤ የተወለደው አውሬ የሚሰማራበት ምድር ካልተጠበቀለትም፣ ልደቱ የሚጠቅመው የመግቢያ ትኬት ለሚሸጠው ሰው ብቻ ነው።

በመጀመሪያ ለመካነ አራዊት የሚገባቸውን ምስጋና መንፈግ ግፍ ይሆናል። በግዞት የሚኖሩ አራዊት ቁጥራቸው ጥቂት በመሆኑ፣ እንደ ፈቀዳቸው ቢተዉ ወንድም ከእኅቱ፣ አባትም ከልጁ እየተገናኘ ዘሩ እየደከመ ስለሚሄድ፣ ጠባቂዎቹ የእያንዳንዱን አውሬ አባትና እናት፣ የልደቱንና የሞቱን ቀን የሚመዘግቡበት የዘር ሐረግ መዝገብ ይይዛሉ፤ በመዝገቡም መሠረት የአንዱ አገር ወንድ ወደ ሌላው አገር ሴት ባሕር ተሻግሮ ይላካል። ይህ ሥርዓት ለዱር አራዊት የተጀመረው፣ ቢሶን ለሚባለው የአውሮፓ የዱር በሬ እ.ኤ.አ. በ1932 መዝገብ በታተመ ጊዜ ነው። የዚህ በሬ የመጨረሻው የዱር ኗሪ እ.ኤ.አ. በ1927 በካውካሰስ ተራሮች ከተገደለ በኋላ፣ በልዩ ልዩ መካነ አራዊት ተበታትነው የቀሩት ከ60 የማይሞሉ ነበሩ፤ ዛሬ በሕይወት ያሉት ሁሉ ከ12 ብቻ የወረዱ ናቸው። ዘሩ ከነዚህ ከጥቂቶቹ በዝቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1952 በፖላንድ አገር ወደ ቢያሎቪዬዣ ደን መመለስ የጀመረው በብረት ፍርግርግ ውስጥ በተደረገ ልደት መሆኑን ማንም ሊክድ አይችልም።

ዳሩ ግን ያው መዝገብ አንዳንድ ጊዜ ለተወለደው የሞት ፍርድ ይሆንበታል። እ.ኤ.አ. በየካቲት ወር 2014 በዴንማርክ ዋና ከተማ በኮፐንሃገን መካነ አራዊት፣ ማሪየስ የሚባል ሙሉ ጤና ያለው ወጣት ቀጭኔ፣ የእርሱን የመሰለ ዘር በሌሎች መካነ አራዊት በበቂ ስለሚገኝ ተራቢ ሆኖ መቆየት አያስፈልገውም ተብሎ ተገደለ፤ ሬሳው በተመልካች ፊት ተቆራርጦ ሥጋው ለአንበሶች ተሰጠ። ብዙ ሕዝብ በዚህ ተቆጣ፤ የመካነ አራዊቱ ሹማምንት ግን ያደረጉትን ሳይደብቁ፣ ቦታው ውሱን እስከ ሆነ ድረስ ከሚወለዱት መካከል ትርፍ መኖሩ የማይቀር ነው ሲሉ መለሱ። አነጋገራቸው ጭካኔ ቢመስልም እውነትነቱን መካድ አይቻልም፤ በልደቱ ቀን የተስፋ ምልክት ተብሎ የሚሞገሰው ግልገል፣ ካደገ በኋላ የሚሄድበት ከሌለ ከመብል ጨራሽነት አያልፍምና።

እኛም ይህንን ከሩቅ አገር ወሬ ብቻ የምንማረው አይደለንም። በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ የሚገኘው አንበሳ ግቢ፣ እ.ኤ.አ. በ1948 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት የተቋቋመ ነው፤ ጎፈራቸው የጠቆረውና እስከ ደረታቸውና እስከ ሆዳቸው የሚወርደው አንበሶቹም፣ ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ ለሚለው የዘውድ ማዕረግ ሕያው ምሳሌ ሆነው ሲታዩ ኖረዋል። አንበሳ በግዞት ቢኖርም ለመውለድ የማይቸገር አውሬ ነው፤ እርግዝናው 4 ወር አይሞላም፤ በአንድ ጊዜም ከ2 እስከ 4 ደቦል ይወልዳል፤ በዱር ቢሆን ረኀብና ጠላት ከግማሽ የሚበልጡትን ሳያድጉ ይቀጥፏቸዋል፤ በግቢ ውስጥ ግን አብዛኞቹ ይድናሉ። ስለዚህ የግቢው ችግር የልደት ማነስ ሳይሆን የልደት መብዛት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም የዜና ወኪሎች እንደ ተነገረውና የግቢው ኃላፊዎችም እንዳልካዱት፣ ለማሳደጊያ ቦታና ገንዘብ በመታጣቱ ደቦሎች በመርዝ ይገደሉ፣ ሬሳቸውም ቆዳ አልፍተው ለጌጥ ለሚያዘጋጁ ሰዎች ይሸጥ ነበር።

ከዚህ 6 ዓመት በኋላ የሆነው ነገር ነው ይበልጥ የሚያስደንቀው። እ.ኤ.አ. በ2012 የጀርመንና የእንግሊዝ አገር ሊቃውንት ከግቢው አንበሶች መካከል ከ15ቱ ናሙና ወስደው የዘር ጠባያቸውን በመረመሩ ጊዜ፣ ካወዳደሯቸው ከሌሎች የአፍሪካ አንበሶች የተለዩ ሆነው ስላገኟቸው፣ ይህ ዘር እንዳይጠፋ በሥርዓት የሚራባበት መርሐ ግብር እንዲዘጋጅለት መከሩ። በአንድ ግቢ፣ ከአንድ ዘር የተወለዱ ደቦሎች በ2006 ዓመተ ምሕረት ዘፈረንጅ ትርፍ ነበሩ፤ በ2012 መተኪያ የሌላቸው ቅርስ ሆኑ። በደቦሎቹ ላይ አንዳች የተለወጠ ነገር የለም፤ የጎደለው አስቀድሞ መዝግቦና ቦታ አዘጋጅቶ የሚጠብቃቸው ሰው ነበር።

ለነገሩ ሁሉ ግን ከዓረብ ሳላ ታሪክ የሚበልጥ ማስረጃ አላገኘሁም። ይህ በአዋሽ ሜዳ የምናየው ሳላ ዘመድ የሆነ፣ ጠጉሩ እንደ በፍታ የነጣ፣ ቀንዱ ረጅምና ቀጥ ያለ የበረሃ እንስሳ፣ ብዙ ጊዜ ውሃ ሳይጠጣ በሣር ላይ በሚያድር ጤዛ ረክቶ፣ ዝናም የጣለበትን ምድር ተከትሎ ረጅም መንገድ የሚጓዝ ነው። በግመል እየተከተሉ የሚያድኑት ሰዎች ለሺህ ዓመታት ሊያጠፉት አልቻሉም ነበር፤ አውቶሞቢልና ፈጣን ጠመንጃ ወደ ዓረብ ምድር በገቡ ጊዜ ግን በጥቂት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ አለቀ። ጥፋቱ ከመፈጸሙ በፊት እ.ኤ.አ. በ1962 የእንግሊዝ አገር የአራዊት ወዳጆች ማኅበር ሰዎች ልኮ ከኤደን በስተምሥራቅ ካለው በረሃ 3 ሳላዎች ለማዳን ቻለ፤ አንድ ከሎንዶን መካነ አራዊት፣ አንድ ከኩዌት፣ 4 ደግሞ ከሳዑዲ ዓረቢያ ንጉሥ ተጨምረው፣ 9ኙ የአየሩ ጠባይ ከዓረብ በረሃ ጋር ወደሚመሳሰለው ወደ አሪዞና፣ ወደ ፊኒክስ መካነ አራዊት ተወሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1972 የመጨረሻው የዱር ሳላ በዑማን በረሃ ሲገደል፣ የዘሩ ተስፋ በሙሉ በፊኒክስና በጥቂት ሌሎች ግቢዎች ውስጥ በሚወለዱት ግልገሎች ላይ ወደቀ።

ግልገሎቹም ተስፋውን አላሳፈሩም። መንጋው በዛ፤ እ.ኤ.አ. በ1982 መጀመሪያ ላይ ከአሜሪካ የመጡ ሳላዎች ጂዳት አል ሐራሲስ በሚባለው የዑማን በረሃ ተለቀቁ፤ የአገሩ ተወላጆች የሆኑት ሐራሲስ የሚባሉት ዘላኖችም ጠባቂዎች ሆነው ተቀጠሩ። እ.ኤ.አ. በ1994 ስፍራው በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሲሰፍር፣ እ.ኤ.አ. በ1996ም የሳላዎቹ ቁጥር 450 ሲደርስ፣ ነገሩ በኖኅ ዘመን ከመርከብ እንደ ወጡት አራዊት ዳግመኛ ምድርን የመውረስ ያህል ሆነ። ኖኅ ግን አራዊቱን ያስወጣቸው ውሃው ጎድሎ ምድር መድረቋን ካረጋገጠ በኋላ ነበር፤ በዑማን የሆነው ከዚህ የተለየ ነው። ከ1996 ጀምሮ አዳኞች ሳላዎቹን፣ በተለይም እንስቶቹን፣ በሕይወት እየያዙ በግላቸው አራዊት ለሚያስቀምጡ ባለጸጎች መሸጥ ያዙ፤ ስለዚህ በግዞት ተወልደው ነፃ የወጡት እንስሳት ዘሮች ወደ ሌላ ግዞት ተመለሱ። መንግሥቱም በስፍራው የነዳጅ ዘይት ከተገኘ በኋላ ከተከለለው ምድር ከመቶ 90 እጁን ቀነሰ፤ የሳላዎቹ ቁጥር ወደ 65 ወረደ፤ ከነዚህም የሚራቡት ጥንዶች 4 ያህል ብቻ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2007 ዩኔስኮ ስፍራውን ከመዝገቡ ሰረዘው፤ ከዚያ በፊት ከዓለም ቅርስነት የተሰረዘ ስፍራ አልነበረም።

እዚህ ላይ አንድ አንባቢ፣ ፊኒክስ ባይኖር ኖሮ ዛሬ የምንነጋገርበት ሳላ ከየት ይገኝ ነበር? ብሎ ቢጠይቀኝ፣ ጥያቄው ትክክል ነው እለዋለሁ። ከነዚያ ግቢዎች የተገኙ መንጋዎች በሳዑዲ ዓረቢያ፣ በእስራኤልና በተባበሩት የዓረብ ኤምሬቶች በረሃዎች ተለቅቀው በመጠበቃቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የዱሮቹ ቁጥር ወደ አንድ ሺህ ስለ ደረሰ፣ የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ሳላውን ከባሰው የአደጋ ደረጃ ዝቅ አድርጎታል። ነገር ግን አስተውሉ፦ የዑማኑም የሌሎቹም ሳላዎች ከአንድ ሥር የወጡ፣ በአንድ ዓይነት ጥበብ የተራቡ ናቸው፤ በአንዱ ስፍራ ጠፍተው በሌላው ስፍራ የኖሩት በልደት ብዛት ልዩነት ሳይሆን በምድሩ ጥበቃ ልዩነት ነው። ከዚህ የበለጠ ግልጽ ፈተና ሊቃውንት በምርምር ቤት ውስጥ እንኳ ሊያዘጋጁ አይችሉም።

አሁን ወደ ራሳችን አራዊት እንመለስ። በአፋር በረሃ የሚኖረው የዱር አህያ ዘራቸው እጅግ ከተመናመነ አራዊት መካከል ነው፤ በስዊስ አገር የባዜል መካነ አራዊት ይህንኑ ዘር ለብዙ ዓመታት ሲያራባ ኖሮአል፤ ውርንጭሎቹ እግራቸው እንደ ሜዳ አህያ የተዥጎረጎረ በመሆኑ የተመልካች ዓይን ይስባሉ። ባዜል ሲወለድለት ደስ ይበለን፤ ዳሩ ግን የዚያ ውርንጭላ ርስት በራይን ወንዝ ዳር ሳይሆን በደንከል ስለሆነ፣ ርስቱን አውራሹም አስነጣቂውም እኛ መሆናችንን አንርሳ።

ዋልያና ቀይ ቀበሮ ግን ይህም ዕድል የላቸውም። በዓለም ላይ ካሉት መካነ አራዊት ውስጥ ዋልያ የሚያራባ አንድም የለም፤ ቀይ ቀበሮም እንዲሁ። ዋልያ የሚወለደው በሰሜን ተራሮች ገደል ላይ ብቻ ነው፤ ልደቱን የሚያበስር ጋዜጣ፣ የዘሩን ሐረግ የሚመዘግብ ጸሐፊ፣ ክፉ ቀን ቢመጣ ከሩቅ አገር የሚመልሰው ፊኒክስ የለውም። የሰሜን ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1969 ተከለለ፤ በ1978 ከዓለም ቅርሶች የመጀመሪያዎቹ 12 መካከል ሆኖ ተመዘገበ፤ የዑማን ሳላ መጥፋት በጀመረበት በ1996 ይኸው ፓርክ በአደጋ ላይ ካሉት ዝርዝር ገብቶ፣ ከዚያ የወጣው በ2017 ነው። ለመውጣቱም በፓርኩ ውስጥ ይኖሩ የነበሩት የግጭ መንደር ሰዎች ካባቶቻቸው ቀዬ ተነሥተው ወደ ደባርቅ መውረዳቸው አንዱ ምክንያት ነበርና፣ የዚህን ጥበቃ ዋጋ ከማንም በፊት የከፈሉት ገበሬዎች መሆናቸውን መርሳት ነውር ነው። ጥበቃው እንዲጸና የሚያደርገውም ይኸው ነው፤ የሐራሲስ ሰዎች ለሳላ ጠባቂ የሆኑት ኑሮአቸው ከእርሱ ኑሮ ጋር በመያያዙ ነበር፤ የደባርቅና የጃናሞራ ገበሬም ከዋልያ መኖር የዕለት እንጀራ ካላገኘ፣ ስለ ዋልያ የሚሰበክለትን ስብከት በባዶ ሆዱ እንዲሰማ መጠበቅ ፍትሕ አይሆንም።

ስለዚህ የምለምነው ሁለት ነገር ነው። ጋዜጠኞች ሆይ፣ የአንድ ግልገል ልደት ስታበስሩ፣ አባትና እናቱ በመዝገብ የታወቁ መሆናቸውን፣ ካደገም በኋላ የት እንደሚሰማራ ጠይቃችሁ ጻፉ፤ መልስ ከታጣ ዜናው የጥበቃ ሳይሆን የትርኢት ዜና ነውና በዚሁ ስም ጥሩት። መንግሥትም ለአንበሳ ግቢ በሊቃውንት የተመከረውን የመራቢያ መርሐ ግብር ከነመዝገቡና ከነሰፊ ማደሪያው ያቋቁምለት፤ የሰሜንን ተራራም እንደ አንድ የመዝናኛ ስፍራ ሳይሆን፣ ዋልያ በምድር ላይ ያለው ብቸኛ የመወለጃ ቤት መሆኑን አውቆ፣ ከጠባቂዎቹ ደመወዝና ከአካባቢው ገበሬ ድርሻ ጀምሮ በጀቱን ያሟላለት። ዋልያ ከዚያ ከጠፋ ወልዶ የሚመልስልን የለም።